መኪናው ሲቆም ሰንጋው ይከሳል፦ የአሮጌ ናፍጣ መኪና የነዳጅ መስመር ችግር በቅደም ተከተል ሲፈተሽ

ከሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ 18 ሰንጋ ጭኖ ወደ ናይሮቢ የተነሳ አንድ አሮጌ አይሱዙ ይታሰብ። ቱርቢን አልፎ የዲዳ ጋልጋሉን ሜዳ ሲያቋርጥ ደህና ነበር። የማርሳቢት ዳገት ሲጀምር ግን ሞተሩ ጉልበት አጣ። ሹፌሩ ማርሽ ቀነሰ፤ መኪናው ጥቂት ሄደና ጠፋ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሲሞከር ተነሳ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ እንደገና ጠፋ። ጊዜው ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ረዳቱ «ፖምፓው ሞቷል» ይላል። በስልክ የተጠየቀው መካኒክም መኪናውን ሳያይ «ፖምፓው ይውረድ፤ የመምጫ በኤምፔሳ ላኩልኝ» ይላል። የከብቱ ባለቤት ሞያሌ ሆኖ ስልኩን በእጁ ይዞ ይጠብቃል።

ይህ ለማሳያ የቀረበ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን በጠረፍ ንግድ ላይ ለቆየ ሰው እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለ ቀን ሲያልፍ ሁለት ሂሳብ ይቀራል። አንዱ ለጥገና የወጣው ገንዘብ ነው። ሌላው ከብቱ ቆሞ ሳለ የቀነሰው ነው። የመጀመሪያው ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ያልፋል። ትልቁ ኪሳራ ግን በአብዛኛው ያልተጻፈው ነው።

በአሮጌ ናፍጣ መኪና ላይ ነዳጅ ተቋርጦ ሞተር ሲጠፋ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከፖምፓው በፊት ባለው ርካሽ ክፍል ውስጥ ይገኛል፦ በጋኑ፣ በቱቦው፣ በፊልትሮው ወይም መስመሩ ውስጥ በገባ አየር። ይህን ለመፈተሽ ሁለት ሦስት ቁልፍ፣ አንድ ጀሪካንና አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ፖምፓ ማውረድ ግን ቀን ይፈጃል። ስለዚህ የፍተሻውን ቅደም ተከተል ማወቅ የሹፌሩ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይገባም። ከብቱ የነጋዴው ነው፤ የሚከስረውም እሱ ነው።

የቆመ ሰዓት ስንት ያወጣል?

ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰንጋ 300 ኪሎ ቢመዝን 18ቱ 5,400 ኪሎ ይሆናሉ። በጉዞውና በመቆሙ ምክንያት ክብደታቸው 5 በመቶ ቢቀንስ 270 ኪሎ ጠፋ ማለት ነው። ይህ የአንድ ሰንጋ ክብደት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። አንድም ከብት ሳይሞት አንድ ሰንጋ መንገድ ላይ ቀረ እንደ ማለት ነው። እያንዳንዱ 1 በመቶ 54 ኪሎ ነው፤ ነጋዴው ይህን በራሱ ገበያ ዋጋ ማባዛት ይችላል።

መጀመሪያ የሚቀንሰው በሆድ ያለው መኖ፣ ፋንድያና ሽንት ነው። ይህ ከብቱ ሲያርፍ፣ ሲበላና ሲጠጣ ይመለሳል። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ግን የሚሄደው የሰውነት ውሃና ሥጋ ነው። ያ ቶሎ አይመለስም። ዳጎሬቲ ደርሶ በማግስቱ ለሚታረድ ከብት ደግሞ የማገገሚያ ቀን የለም። ለረዥም ሰዓት የተጨነቀና የደከመ ከብት በጡንቻው ያለውን ኃይል ስለሚጨርስ ሥጋው ጠቆር ብሎ ይወጣል፤ ቶሎም ይበላሻል። ሥጋ ቤቶች ይህን ያውቁታል፤ ዋጋም ይቆርጡበታል።

መኪና ሲሄድ በርብራቡ መካከል ነፋስ ያልፋል። ሲቆም ነፋሱ ይቀራል፤ የከብቱ ሙቀትና እንፋሎት እዚያው ይታፈናል። በጎችና ፍየሎች በሙቀት ይተኛኛሉ፤ ከሥር የቀረው ይታፈናል። ሰንጋ ከወደቀ በሌሎቹ ይረገጣል። ግመል ጥም ይችላል፤ ነገር ግን ታስሮ ተንበርክኮ ረዥም ሰዓት ከቆየ እግሩ ይደነዝዛል፣ ጡንቻውም ይጎዳል። ከባቢሌ ወይም ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ በርበራ በግና ፍየል ለሚልክ ሰው ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይጨመራል። በሐጅ ወቅት መርከቡ ካመለጠ ገበያው አብሮ ሊያመልጥ ይችላል።

ናፍጣው የሚሄድበት መንገድ

የድሮው ናፍጣ ሞተር የነዳጅ መስመር ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ዝቅተኛ ግፊት ያለበት ነው። ናፍጣው ከጋኑ በውስጡ ባለ ወንፊት በኩል ተስቦ በቱቦ ይመጣል፤ በፊልትሮ ተጣርቶ ወደ ፖምፓው ይገባል። ሁለተኛው ከፍተኛ ግፊት ያለበት ነው። ፖምፓው ናፍጣውን በብረት ቱቦዎች ወደ እያንዳንዱ ኖዝል ይገፋል። ኖዝሉም ግፊቱ ከ100 ባር በላይ ሲሆን ተከፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል። የተረፈው ናፍጣ በመመለሻ ቱቦ ወደ ጋኑ ይመለሳል።

መኪኖች በዚህ ላይ ይለያያሉ። በብዙዎቹ የድሮ አይሱዙና ፉሶ የጭነት መኪኖች ላይ ናፍጣ የምትስበው ትንሽ ፓምፕ ከትልቁ ፖምፓ ጎን ተገጥማለች፤ የእጅ መግፊያዋም እዚያው ነው። ዋን ኤች ዜድ ሞተር ባለው ላንድ ክሩዘር ግን የእጅ ፓምፑ ፊልትሮው አናት ላይ ነው፤ ናፍጣውን ከጋን የሚስበው በፖምፓው ውስጥ ያለ ክፍል ነው። በዚህ መኪና ከጋን እስከ ፖምፓ ያለው መስመር በሙሉ በመሳብ የሚሠራ ነው ማለት ነው።

ይህ ልዩነት አንድ ትልቅ ትርጉም አለው። በሚስብ ቱቦ ላይ ስንጥቅ ቢኖር ናፍጣ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ይልቁንም አየር ወደ ውስጥ ይገባል። «ምንም አይፈስም» ማለት «መስመሩ ደህና ነው» ማለት አይደለም።

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በኮምፒውተር ላልታገዘ የድሮ ሞተር ብቻ ነው። በአዳዲሶቹ ኮመን ሬል ሞተሮች ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፤ በእነዚያ ላይ የኖዝል ቱቦ ማላላት ፈጽሞ አይሞከርም። በድሮውም ቢሆን ከኖዝል የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። በእጅ አይነካም፤ ከገባም ቁስሉ ትንሽ ቢመስል እንኳ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ምልክቱን ማንበብ

ቁልፍ ከማንሳት በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ችግሩ መቼ ይመጣል? ጭሱስ ምን ይመስላል?

ጠዋት ለመነሳት ብዙ ጊዜ ሞተሪኖ የሚፈልግ፣ አንዴ ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ ደህና የሚውል መኪና መስመሩ ውስጥ አየር ይገባበታል፤ ናፍጣው ሌሊት ወደ ጋኑ ተመልሶ ያድራል። ማሞቂያ ካንዴላ ባላቸው ሞተሮች ላይ የተቃጠለ ካንዴላም ይህን ይመስላል።

በሜዳ ደህና ሄዶ በዳገት ጉልበት የሚያጣ፣ ሲጠፋም ጥቂት አርፎ የሚነሳ መኪና ናፍጣ በበቂ አይደርሰውም። ብዙ ጊዜ ጋን ውስጥ ያለ ቆሻሻ በመሳቡ ኃይል ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይወርዳል፤ ሲነሳ መልሶ ይለጠፋል። የደፈነ ፊልትሮና የተዘጋ የጋን መተንፈሻም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው።

ቀዝቅዞ ሳለ ቶሎ የሚነሳ፣ ሞቆ ሲጠፋ ግን እስኪቀዘቅዝ የማይነሳ መኪና የፖምፓ እርጅና ሊኖርበት ይችላል። በተለይ ላንድ ክሩዘር ላይ እንዳለው ባለ ዙር ፖምፓ ሲሆን፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎ ጥቂት ቆይቶ ከተነሳ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ፖምፓ ላይ መድፋት ግን ሊያበላሸው ስለሚችል አይደረግም።

ጭሱም ይናገራል። ሞተሪኖው እየዞረ ከማርሚታ ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ሲሊንደር አልደረሰም። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ ነገር ግን አልተቃጠለም፦ ውሃ ተቀላቅሏል፣ ሞተሩ ቀዝቅዟል ወይም የሲሊንደሩ እመቃ ደክሟል። በጭነት ጊዜ ጥቁር ጭስ ከወጣ ናፍጣው ከአየሩ በልጧል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የአየር ፊልትሮው ነው። በአቧራ መንገድ የከረመ መኪና ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት ነው፤ ከናፍጣ መስመር ጋር አይገናኝም።

ከርካሹ ወደ ውዱ

የፍተሻው መርህ አንድ ነው፦ በቀላሉ የሚታየውና ዋጋ የሌለው ይቀድማል። ሲጋራና እሳት ይርቃል፤ የጋለ ማርሚታ ላይ ናፍጣ እንዳይፈስ ይጠነቀቃል።

1. ጋኑ። ጌጁ አይታመንም፤ በንጹሕ እንጨት ይለካል። ናፍጣ ያነሰ ከሆነ በዳገት ወደ ኋላ ስለሚሄድ መሳቢያው አየር ሊያገኝ ይችላል።

2. የጋን ክዳን። ሞተሩ እንደጠፋ ክዳኑ ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ «ሽ» ብሎ ከገባ መተንፈሻው ተዘግቷል። ክዳኑን ላላ አድርጎ ጥቂት መሄድ ያረጋግጠዋል።

3. ማጥፊያው። ሞተር የሚያጠፋው ገመድ «አጥፋ» ላይ ተጣብቆ እንደሆነ ይታያል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉ ሲከፈት ፖምፓው ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፅ ከሌለ ሽቦውና ፊውዙ ይታያል። በአንዲት የላላች ሽቦ ምክንያት ፖምፓ ማስወረድ ትልቅ ኪሳራ ነው።

4. የፊልትሮው ውሃ። ፊልትሮው ወይም የውሃ ማጣሪያው ሥር ያለችው ማፍሰሻ ተከፍታ ጥቂት ናፍጣ በነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል። ውሃ፣ ዝገት ወይም ጥቁር ዝቃጭ ከታየ ፊልትሮው ይቀየራል። ፊልትሮ አጥቦ መልሶ መግጠም የታመቀውን ቆሻሻ ወደ ፖምፓው ሊልክ ስለሚችል አይመከርም።

5. የእጅ ፓምፑ። ተጭኖ ሲለቀቅ ለመመለስ እየከበደው ወይም ወደ ታች ተስቦ ከቀረ መዘጋቱ ከፓምፑ በፊት፣ ወደ ጋኑ በኩል ነው። ብዙ ተገፍቶም ባዶ ሆኖ ካልጠነከረ አየር እየሳበ ነው ወይም የውስጡ ቫልቭ ሞቷል። ቶሎ ጠንክሮ ከቆመ ግን እስከዚያ ድረስ መስመሩ በናፍጣ ሞልቷል።

6. ቱቦና ፋሼታ። የደረቀና የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የላላ ፋሼታ፣ ተደጋግሞ የታሰረ የመዳብ ሮንዴላ አየር ያስገባሉ። ጥሩው መንገድ ወደ ፖምፓው መግቢያ ላይ አጭር ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ መግጠም ነው። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ በተከታታይ ካለፈ አየር እንደሚገባ በዓይን ታየ።

7. የተረሳችው ወንፊት። በብዙዎቹ የድሮ አይሱዙ መኪኖች ላይ በትንሿ ፓምፕ መግቢያ ቡሎን ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች። ፊልትሮ ሲቀየር እሷን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ተፈትታ በናፍጣ ትታጠባለች።

8. ወደ ጋኑ መንፋት። ቱቦው ከፓምፑ ተፈትቶ፣ የጋኑ ክዳን ተከፍቶ፣ በጎማ መንፊያ ወደ ጋኑ ቀስ ተብሎ ይነፋል። ጋኑ ውስጥ እንደ ልብ ከተንቦቀቦቀ መንገዱ ተከፍቷል። በአፍ አይነፋም፣ አይሳብም። ይህ መኪናውን ያደርሳል እንጂ አይፈውስም፤ ቆሻሻው ጋኑ ውስጥ ስለቀረ ከተራገፈ በኋላ ጋኑ ወርዶ መታጠብ አለበት።

የጀሪካኑ ፈተና

ክርክር ሲነሳ የሚፈርደው ይህ ነው። ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ብሎ በአስተማማኝ ቦታ ይታሰራል። ከጋኑ የሚመጣው ቱቦ ይፈታና በምትኩ ከጀሪካኑ የሚመጣ ንጹሕ ቱቦ ይገጠማል። የሚገጠመው ከፊልትሮው በፊት ነው፤ ናፍጣው ሳይጣራ ወደ ፖምፓው እንዳይገባ። አየሩ ከወጣ በኋላ ሞተሩ ተነስቶ ጉልበት ካገኘ ፖምፓውም ኖዝሉም ነፃ ናቸው። ጥፋቱ በጋኑና በመጣበት ቱቦ መካከል ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ ቀሪው ፊልትሮው፣ ትንሿ ፓምፕ፣ ፖምፓውና ኖዝሎቹ ናቸው፤ የሚፈለገው ቦታ በግማሽ ቀነሰ።

ባለቤቱ ሩቅ ቢሆንም በስልክ ሊጠይቀው የሚችለው አንድ ጥያቄ ይኸው ነው፦ «በጀሪካን ሞክራችሁታል?» መልሱ «አልሞከርንም» ከሆነ ስለ ፖምፓ ለመነጋገር ገና ነው።

አየር ማስወጣት

መስመሩ በተፈታ ቁጥር፣ ወይም ናፍጣ አልቆ በቆመ ጊዜ፣ አየር መውጣት አለበት። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችው ማስተንፈሻ ቡሎን ትላላለች፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ የእጅ ፓምፑ ይገፋል፤ እየተገፋ ሳለ ቡሎኗ ትጠብቃለች። ፖምፓው ላይ ማስተንፈሻ ካለም እንዲሁ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ካልተነሳ ሁለት ሦስት የኖዝል ቱቦዎች፣ ብዙ ጊዜ በ17 ቁጥር ቁልፍ፣ ትንሽ ይላላሉ፤ በጨርቅ ይሸፈናሉ፤ ሞተሪኖው ይዞራል። ናፍጣ ሲወጣ ይጠብቃሉ።

ሞተሪኖ በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አይዞርም፤ በመካከሉ አንድ ደቂቃ ያህል ያርፋል። አየር ሳይወጣ ሞተሪኖ መደብደብ ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ያቃጥላል፤ አንዱ ችግር ሦስት ይሆናል።

ተራው የፖምፓና የኖዝል ሲሆን

ከላይ ያለው ሁሉ ተፈትሾ ካልተገኘ ያኔ ወደ ውዱ ይገባል። በዚያም ቅደም ተከተል አለ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የእያንዳንዱ ኖዝል ቱቦ ተራ በተራ በጨርቅ ተሸፍኖ ይላላል። ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ይሠራል። ለውጥ ያላመጣው ሲሊንደር ደክሟል፤ ኖዝሉ ይወጣና በእጅ በሚሠራ መፈተሻ አረጫጨቱና የመክፈቻ ግፊቱ ይታያል። ኖዝል ማስፈተሽ ፖምፓ ከማውረድ እጅግ ይረክሳል። የሚያንጠባጥብ ኖዝል ቸል ከተባለ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል።

ፖምፓ የሚወርድ ከሆነ ሦስት ነገር ይጠየቃል። ከመውረዱ በፊት ከሞተሩ ጋር የገጠመበት ቦታ ምልክት ይደረግበት፤ አለዚያ ሲመለስ ሰዓቱ ይዛባል። ጥገናው በመፈተሻ ማሽን ላይ የሚደረግ ይሁን፤ ፖምፓን በጆሮ ማስተካከል አይቻልም። የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች ለባለቤቱ ይመለሱ።

«ጉልበት ጨምርልኝ» እየተባለ የፖምፓውን የታሸገ ቪቴ ማዞርም ልማድ ሆኗል። መኪናው ለጊዜው ይበረታል፤ ጥቁር ጭሱ ግን ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፍጆታው ይጨምራል፣ የሞተሩም ዕድሜ ያጥራል።

የጠረፍ ናፍጣ

ብዙው ችግር የሚገባው በጋኑ አፍ ነው። በጠረፍ ከተሞች ናፍጣ ብዙ ጊዜ ከበርሜል ወይም ከጀሪካን ይገዛል። ነዳጁ ራሱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ግን ውሃ፣ አሸዋና ዝገት ይይዛል። ቀላሉ መከላከያ የጠርሙስ ናሙና ነው። ከመሞላቱ በፊት ጥቂት ናፍጣ በነጭ ጠርሙስ ተቀድቶ ሩብ ሰዓት ይቆማል። ከሥር ውሃ ወይም ደለል ከተቀመጠ አይገዛም። ጀሪካን ከመገልበጡ በፊት ሳይነቃነቅ መቆም አለበት፤ የመጨረሻዋ አንድ ሊትርም እዚያው ትቀራለች። በጨርቅ ማጥለል አሸዋ ይይዛል እንጂ ውሃ አያስቀርም።

ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ በጠርሙስ ላይለይ ይችላል። ላምባ ከናፍጣ ቀጭንና የማለስለስ አቅሙ አነስተኛ ነው፤ የፖምፓው ውስጣዊ ክፍሎች ደግሞ የሚለሰልሱት በሚያልፍባቸው ናፍጣ ነው። በርካሽ የተገዛው ነዳጅ ዋጋውን ከፖምፓው ዕድሜ ይቀበላል። በስሕተት ቤንዚን ከተሞላ ደግሞ ሞተሩ ሳይነሳ ጋኑ ይራገፋል፤ «ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ ያልቃል» ማለት አያዋጣም።

ፍተሻው የሚቆመው መቼ ነው?

መኪናውን ለማዳን ሲባል ከብቱን ማጣት የተለመደ ስሕተት ነው። ሹፌሩ «አሁን ይነሳል» እያለ አራት ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ ገደቡ ከመነሳት በፊት መቀመጥ አለበት። ሁለት ቁጥር ይበቃል፦ ከጭነቱ ዋጋ 1 በመቶው ስንት ነው? በመንገዱ ላይ ካለች ቅርብ ከተማ ሁለተኛ መኪና ለማምጣት ስንት ይጠይቃል? የሚጠበቀው ኪሳራ ከሁለተኛው መኪና ኪራይ የሚበልጥ ከሆነ ውሳኔው ግልጽ ነው።

ከላይ የተዘረዘረው ፍተሻ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይፈጅም። በቆላ በቀትር ይህ አንድ ሰዓት ጥሩ መነሻ ገደብ ነው፤ በጥብቅ ለተጫኑ በጎችና ፍየሎች ደግሞ ከዚያም ያጥራል። እስከዚያው ርብራቡ ላይ ጥላ ይዘረጋል፤ የወደቀ ከብት ይነሳል፤ ውሃ ይሰጣል። 18 ሰንጋ ለእያንዳንዱ 10 ሊትር ቢያገኝ 180 ሊትር ነው፤ ይህም ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የቀን ፍላጎታቸውን አይሞላም፤ ግን ሰዓት ይገዛል።

ማራገፍ ካስፈለገ መኪናው ሊንቀሳቀስ ከቻለ ከአፈር ቁልል ወይም ከመንገድ ዳር ከፍታ ጋር ይጠጋል። ከብት ከመኪና ላይ እንዲዘል ከተደረገ እግሩ ይሰበራል። የማጓጓዣ ፈቃዱ ላይ የመኪናው ታርጋ ተጽፎ ከሆነ ወደ ሌላ መኪና ከመገልበጡ በፊት ፈቃዱን ለሰጠው ቢሮ መደወል ይገባል፤ አለዚያ ከአንዱ መቆም ወጥቶ በሚቀጥለው ኬላ ሌላ መቆም ይመጣል።

ከመጫን በፊት ግማሽ ሰዓት

ከብቱ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ ነጋዴው የመደራደር ኃይል የለውም። ከመውጣቱ በፊት ግን አለው። በዋዜማው መኪናው በቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ማየት፣ ከፊልትሮው ሥር በጠርሙስ ማስቀዳት፣ ቱቦዎቹን በእጅ መንካት፣ ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ መጠየቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጋኑ ማታ ሞልቶ ቢያድር ይመረጣል፤ ባዶው ክፍል ሲቀዘቅዝ እርጥበት ይይዛል።

መኪናው ላይ መኖር ያለበት ዕቃም ብዙ አይደለም፦ ሁለት አዲስ ፊልትሮ፣ አንድ ሁለት ሜትር ናፍጣ የሚችልና ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ፣ ጥቂት ፋሼታና የመዳብ ሮንዴላ፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁጥር ቁልፎች፣ ካቻቪቴ፣ ነጭ ጠርሙስ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ተከድኖ የተቀመጠ 20 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ።

በመጨረሻ የኪራይ ስምምነቱ አለ። ብዙው በቃል ነው፤ የሚወሰነውም ዋጋና መድረሻ ብቻ ነው። ሁለት መስመር መጨመር ይቻላል፦ መኪናው ከተስማሙበት ሰዓት በላይ ከቆመ ሁለተኛውን መኪና ማን ይከፍላል? ፖምፓ ወይም ኖዝል እንዲወርድ የሚወስነው ማን ነው? ይህ በምስክር ፊት ከተባለ ሹፌሩም መካኒኩም የሚቸኩሉበት ምክንያት ይኖራቸዋል።

የማርሳቢቱ አይሱዙ ምሳሌ በዚህ ይዘጋል። ምልክቱ በዳገት መድከም፣ አርፎ መነሳት፣ እንደገና መጥፋት ነበር። ባለቤቱ ከሞያሌ ሆኖ ስለ ጀሪካኑ ጠየቀ። ረዳቱ ጀሪካኑን አሰረ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ በቦታው ጋዝ ሲሰጠውም አልደከመም። ቱቦው ወደ ጋኑ ሲነፋ ከታች ያለው ቆሻሻ ተንቦቅቡቆ ተነሳ። ፊልትሮው ተቀየረ፤ አየሩ ወጣ፤ ወንፊቷ ታጠበች። መኪናው ከቆመ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆነው ዳገቱን ጀመረ። ወጪው አንድ ፊልትሮ ነው። ፖምፓው ወርዶ ቢሆን ኖሮ 18ቱ ሰንጋ ሌሊቱን እዚያው መንገድ ላይ ቆመው ያድሩ ነበር።